በበዛብህ ወጥ ቤት የወደቀው ድንጋይ

አቶ በዛብህን ከግራናይቱ ሥር ያወጧቸው የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው። ገና ተሠርቶ ባላለቀው ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ወለሉ ደፍተው፣ ጥቁሩ ድንጋይ ጀርባቸው ላይ እንደተጫነ ተገኙ። ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም የዋለው ሰማይ ዲላ ላይ የተዘረገፈው ልክ ያን ጊዜ ነበር። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ሬሳውን መጀመሪያ ያየችውን የቆንጅትን ጩኸት ስለዋጠው ጎረቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ሟቹ በከተማው የታወቁ ቡና ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው የትምወርቅ በልብ ሕመም ከሞተች ወዲህ ለብዙ ዓመት ብቻቸውን ኖረዋል። ቤቱን የምታስተዳድርላቸው የሟች ሚስታቸው እህት ቆንጅት ናት። በቅርቡ ግን መሰረት የምትባል የኮንጋ ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ፣ ሊያገቡ ሽማግሌ ልከው ቀን ተቆርጦ ነበር። ያረጀውን ወጥ ቤት አፍርሰው በአዲስ ካቢኔትና በግራናይት ማሠራት የጀመሩትም ለእሷ ብለው ነው።

ፖሊስ ያን ምሽት ወጥ ቤቱን አሸገ፤ ድንጋዩን ግድግዳ አስደግፎ የሄደውን የግራናይት ሠራተኛ ኸይረዲንን ደግሞ አሰረ። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ መሰለ። ሠራተኛው ድንጋዩን በቅጡ ሳያስደግፍ ሄደ፤ ድንጋዩ ወደቀ፤ ሰው ሞተ። ሲነጋ ኢንስፔክተር ሙሉእመቤት የተላከችው የቀረውን ጥቂት ነገር አጣርታ መዝገቡን እንድትዘጋ ነበር።

ሙሉእመቤት አጭርና ዝምተኛ ሴት ናት። ስትጠይቅ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ሰው ሲመልስላት ግን ከአፉ ይልቅ እጁን ታያለች። በመጀመሪያ የሄደችው ወደ እስረኛው ነው። በጣቢያው በር ላይ የኸይረዲን ሚስት ሐያት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ኢንስፔክተሯን ስታይ ጎንበስ አለች።

«ድንጋዩን እንዴት ነበር ያቆምከው?» አለች ሙሉእመቤት።

ኸይረዲን ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ድንጋይ ሲወድቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜን የቀበርኩት ድንጋይ ወድቆበት ነው። ከዚያ ወዲህ ሳላስር ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ከሥሩ እንጨት ሰጥቼዋለሁ፤ ከላይ ደግሞ በገመድ ከመስኮቱ ብረት ጋር ጠፍሬዋለሁ። ዛሬ ልገጥመው ነበር።»

«ሌላ ምን ትተህ ወጣህ?»

«ምንም። አዎ፣ ናሙናዋን። እጅ ላይ የምትያዝ ቁራጭ ድንጋይ ናት፤ ከዚያው ከጥቁሩ የተቆረጠች። ጋሽ በዛብህ ‹ከካቢኔቱ በር ጋር ላስተያያት› ብለው ተቀበሉኝ። እኔም ገርሞኝ ነበር። ነጭ ካቢኔት ከጥቁር ግራናይት ጋር እንደሚሄድ ድሮ ተስማምተን ጨርሰናል። እንደገና ምን ሊያስተያዩ እንደፈለጉ አልገባኝም።»

ሙሉእመቤት ወደ ሟቹ ቤት ስትደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ዝናቡ ቢያባራም ሰማዩ አልተገለጠም። ከአጥሩ ጀርባ ያለው እንሰት በነፋሱ እየተማታ፣ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውሃ የድንኳኑን ሸራ ይመታል።

ድንኳኑ ውስጥ መሰረት ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት የመድኃኒት ቤት ባለቤቱ አቶ መልከጼዴቅ ናቸው። የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ በመጀመሪያው ሠርጋቸው ሚዜ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ሽማግሌ ሆነው ኮንጋ የሄዱ ሰው ናቸው። ዘመድ ጥየቃ ከሄዱበት ከገደብ ከተማ የደረሱት ያን ጠዋት ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ከመሰረት ቀጥሎ የሚያጽናናው እሳቸውን ነው።

«አይዞሽ ልጄ» ይሏታል ትከሻዋን ይዘው፤ «እስከ መጨረሻው የሚያስበው አንቺን ነበር። አገሯን እንዳትናፍቅ ብሎ ወጥ ቤቱን እንደ ጓሯችሁ እንሰት አረንጓዴ አድርጎ አለበሰልሽ። ምን ያደርጋል፣ ሳታዪው ቀረ።»

መሰረት እየተንሰቀሰቀች ስለነበር የሰማች አትመስልም። ሙሉእመቤት እግዜር ያጽናሽ ብላት ወደ ታሸገው በር አለፈች።

ወጥ ቤቱ ቀዝቅዟል። መብራት አልተገባለትም፤ ቧንቧውም አልተቀጠለም። ከታች በግድግዳው ርዝመት የተደረደሩት የካቢኔት በሮች ከፋብሪካ የመጡበት ወተት የመሰለ ነጭ ላስቲክ አልተላጠላቸውም። በድንግዝግዙ ውስጥ የተገነዙ ሰዎች ተሰልፈው የቆሙ ይመስላሉ። ወለሉም፣ መስኮቱም፣ የካቢኔቱም ጫፍ ሁሉ ድንጋይ ሲቆረጥ በተነሣው ግራጫ አቧራ ተሸፍኗል። ጥቁሩ ግራናይት ከመሐሉ ተሰንጥቆ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ኢንስፔክተሯ ከበሩ ሳትነቃነቅ ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ኸይረዲን ያለው ገመድ ከብረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አልተበጠሰም፤ ጫፉም አልተተረተረም። ቋጠሮው በእጅ ተፈትቷል።

ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቁራጭ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጣለች። ሙሉእመቤት ጎንበስ ብላ አየቻት እንጂ አልነካቻትም። ዙሪያዋ አቧራ ነው፤ እሷ ግን እንደ መስታወት ታብለጨልጫለች።

«ሁሉ ነገር አቧራ ለብሶ ይቺ ብቻ ለምን ታጠበች?» አለች ለራሷ።

በመጨረሻ በየካቢኔቱ በር ፊት እየተንበረከከች ተመለከተች። የሁሉም ላስቲክ ወጥ ሆኖ ተለጥፏል፤ ከአንዱ በቀር። ለመስኮቱ የሚቀርበው በር ላይ፣ የላስቲኩ ጫፍ ተነሥቶ እንደገና የተመለሰ ይመስላል፤ አየር ይዞ ተጨማድዷል። ሳትነካው ተነሣችና የአሻራ ባለሙያው እንዲመጣ ደወለች። ስልኩን ሳትዘጋ ከሆስፒታል ሌላ ጥሪ መጣ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነበር። ድንጋዩ የወደቀው ጀርባቸው ላይ ቢሆንም ሰውየውን የገደለው ግን ከማጅራታቸው በላይ ያለው ቁስል ነው አላት፤ ትንሽና ጥልቅ፣ በጠርዝ የተመታ ቁስል። ድንጋዩ ሲያርፍባቸው ሕይወታቸው አልፎ ነበር።

መዝገቡ እንደማይዘጋ ያን ጊዜ ተረጋገጠላት። አቶ በዛብህን የገደለው ሰው ድንጋዩን የጣለው በኋላ ነው፤ ኸይረዲን እንዲጠየቅበት።

ቆንጅትን ያገኘቻት ጓዳ ውስጥ ነው። ሴትየዋ አልቅሳ ፊቷ አብጧል፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ከሐዘኑ ጋር ቁጣ አለ።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን። እዚህ ምን አደርጋለሁ? እህቴ ስትለፋበት የኖረችውን ወጥ ቤት በመዶሻ ሲያፈርሱት ከማየት ብዬ ከቤት መዋል ካቆምኩ ሰንብቻለሁ።»

«አቶ በዛብህን ተቀይመሻቸው ነበር?»

«ተቀይሜ ነበር» አለች ቆንጅት ሳታመነታ። «ፊት ለፊት ነግሬዋለሁም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ስመለስ የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ጋሼ ብዬ ጠራሁት። እግሩን አየሁ።» ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም።

መሰረትን ከድንኳኑ ውጭ፣ ከቤቱ ጥግ ሥር አነጋገረቻት።

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተሽባቸዋል?»

መሰረት አሰበች። «ዝም ብሎ ነበር። ሠርጉ ከብዶት መስሎኝ ጠየቅኩት። እሱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ። ‹የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ የቆየ ቀን ቢኖር ምን ማለት ነው?› አለኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት እንዳላለፈበት አድርጎ መሸጥ ነው አልኩት። የልብ ሕመምተኛ እንደዚያ ያለ ቢወስድ ምን ይሆናል አለኝ። ‹እንዳልወሰደ ሊሆን ይችላል፤ በልብ ደግሞ ቀልድ የለም› አልኩት። የማን እንደሆነ ብጠይቀው አልነገረኝም። ምነው ዝም ባልኩ፤ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም።»

«የካቢኔቱ በር ምን ዓይነት ነው የተባልሽው?»

መሰረት ጥያቄው ግር አላት። «ነጭ። እኔ አረንጓዴ ነበር የወደድኩት። ከጥቁር ድንጋይ ጋር ይጨልማል፣ ገደል ይመስላል ብለው ሁሉም ሳቁብኝ። ተውኩት።»

አናጢው ዘነበ ከለቅሶ ቤቱ ማዶ ካለው ሥራ ቦታው ተጠርቶ መጣ። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ጥያቄ በአጭሩ መለሰ። ሙሉእመቤት ስለ በሮቹ ቀለም ስትጠይቀው ግን አንገቱን ደፋ።

«ምለህ ዝም በል ብለውኝ ነበር፣ ጋሽ በዛብህ» አለ። «አሁን መሐላው ለማን ይጠቅማል? በሮቹ አረንጓዴ ናቸው። ለሙሽሪት ድንገት ሊያሳዩዋት ብለው ነው። ለዚህ ነው ላስቲኩን እንዳልልጥ የከለከሉኝ። ከሐዋሳ መጥተው የገጠምኳቸው ትናንት ነው። ገጥሜ ስወጣ አንዱም ላስቲክ አልተነካም ነበር።»

«ከእርስዎና ከሟቹ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሰው አያውቅም። ለሚስቴም አልነገርኩ።»

«አሮጌውን ቁም ሳጥን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። እሱን ልነግርዎት ነው። ስንነቅለው ከጀርባው የመድኃኒት ብልቃጥ ወደቀ፤ የሟች ባለቤታቸው ነው። ጋሽ በዛብህ አቧራውን በእጃቸው ጠረጉት። እርጥበት ወረቀቱን ፈንቅሎታል። ብርሃን ላይ ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ኪሳቸው ከተው ወጡ። ያን ቀን ተመልሰው አላናገሩኝም።»

ብልቃጡ ከሟቹ ኪስ አልተገኘም። ከመኝታ ቤታቸውም የለም። ሙሉእመቤት ወደ ጓሮ ወጣች። የፈረሰው ወጥ ቤት እንጨትና ጣውላ በዝናብ ርሶ ተቆልሏል። ከዘነበ ጋር ሆና አሮጌውን ቁም ሳጥን ከክምሩ ሥር ጎትታ አወጣችው። በመደርደሪያውና በጀርባው ጣውላ መካከል በተከፈተው ስንጥቅ ውስጥ፣ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ሾልኮ የገባ ሌላ ብልቃጥ ተቀርቅሮ ነበር። በጥፍሯ የወረቀቱን ጫፍ ነካ አደረገችው። ተነሣ። ከሥሩ ያለውን ቀን አንብባ ለጊዜው ዓይኗን ጨፈነች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ዳግም ጠቁሮ ነጎድጓድ ከወደ ተራራው ሲሰማ፣ ሁሉንም ወደ ወጥ ቤቱ ጠራቻቸው። ኸይረዲን ከፖሊስ ጋር መጣ። መሰረትና ቆንጅት ጎን ለጎን ቆሙ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ቆመው አያውቁም። ዘነበ ከበሩ አጠገብ ነው። አቶ መልከጼዴቅ ነጠላቸውን አጣፍተው በመጨረሻ ገቡ።

«እዚህ ምን ያስፈልጋል?» አሉ በለሆሳስ። «ልጅቷን አታሠቃዪያት።»

«አላቆያችሁም» አለች ሙሉእመቤት። «አቶ በዛብህን የገደለው የወደቀው ድንጋይ አይደለም። ገመዱ አልተበጠሰም፣ ተፈቷል። ኸይረዲን ደግሞ ገመዱን ፈትቶ በራሱ ላይ ወንጀል የሚጠራበት ምክንያት የለውም። ሟቹ የተመቱት በዚህች ናት።» በመሐረብ የያዘችውን ናሙና አሳየች። «ገዳዩ ውጭ ወዳለው ቧንቧ ወስዶ አጠባት። ሁሉም ነገር አቧራ በለበሰበት ቤት መልሶ ሲያስቀምጣት ንጽሕናዋ እንደሚያሳብቅበት አላሰበም።»

ቆንጅት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ናሙናዋ ለምን ወጣች? አቶ በዛብህ ጥቁሩ ድንጋይ ከበሩ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ለሰው ሊያሳዩ ስለፈለጉ ነው። መሰረት፣ ነይ ወደዚህ።»

መሰረት ቀረበች። ሙሉእመቤት አሻራው ተነሥቶበት ያበቃውን ላስቲክ ከጫፉ ይዛ ወደ ታች ሳበችው። በሩ ከነጩ ሥር ወጣ፤ ጥልቅ፣ እርጥብ የሚመስል አረንጓዴ። መሰረት እጇን ዘርግታ ነካችውና ከፊቱ ተንበረከከች። ቆንጅት ጎንበስ ብላ በትከሻዋ ያዘቻት።

«ይህን ቀለም የሚያውቁት ሟቹና ዘነበ ብቻ ነበሩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሬሳው ሲወጣ በሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ቤቱም ወዲያው ታሽጓል። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ሰው ድንኳኑ ውስጥ መሰረትን ሲያጽናና ወጥ ቤቱ እንደ እንሰት አረንጓዴ መሆኑን ነገራት። ያ ሰው ትናንት ከሰዓት ገደብ እንደነበረ ለሁሉም ተናግሯል። ገደብ ያሉት ዘመዶቹ ግን ‹የመጣው ከመሸ በኋላ ነው› ብለውናል። አቶ መልከጼዴቅ፣ ቀለሙን ከየት አወቁት?»

ሁሉም ዞረው አዩአቸው። አቶ መልከጼዴቅ ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«በስልክ ነግሮኝ ነዋ! ወንድሜ አይደል? ምን የሚደብቀኝ ነገር አለ?»

«ነግረውዎት ይሆናል። የላስቲኩን የውስጥ ገጽ ግን በስልክ መንካት አይቻልም። ዘነበ ትናንት ገጥሞ ሲወጣ አልተላጠም ነበር። በኋላ ጫፉ ተነሥቷል፤ ሙጫው ላይ የአውራ ጣት አሻራ ቀርቷል። የሟቹ አይደለም። የዘነበም፣ የኸይረዲንም፣ የሁለቱ ሴቶችም አይደለም፤ ሁሉም በፈቃዳቸው ሰጥተውናል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

አቶ መልከጼዴቅ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ከተቱ። ያን ማድረጋቸውን ያወቁት ሁሉም ካዩ በኋላ ነው።

«ለምን?» አለች መሰረት። «እናንተ ወንድማማች ነበራችሁ።»

ሙሉእመቤት ከኪሷ ብልቃጡን አወጣች። «ይህ የየትምወርቅ የልብ መድኃኒት ነው፤ ከእሳቸው መድኃኒት ቤት የተሸጠ። ላዩ ላይ አዲስ ቀን ተለጥፎበታል። ከሥሩ ያለው ግን እሷ ከመታመሟ በፊት አልፎበታል። አቶ በዛብህ አንዱን አገኙ። የጓደኛቸውን ስም ከማጥፋታቸው በፊት እሱን ራሱን ሊጠይቁት ጠሩት። ሁለተኛው ብልቃጥ መኖሩን ግን አንዳቸውም አላወቁም።»

ውጭ ነጎድጓዱ ቀረበ። አቶ መልከጼዴቅ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። ድንገት ያረጁ መሰሉ።

«መጀመሪያ በሩን አሳየኝ» አሉ፤ ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም። «ደስ ብሎት ነበር። ‹ጫፉን ያዝልኝ› ብሎ ናሙናውን አስጠግቶ፣ ‹አየህ መልኬ፣ አይሄድም ስትሉ፣ እንዴት አምሯል!› አለኝ። ላስቲኩን መልሶ ሲለጥፍ ድንጋዩን ለእኔ አቀበለኝ። ከዚያ ብልቃጡን አወጣ። ‹እስቲ ይህን አስረዳኝ› አለ። አልጮኸብኝም። ‹ነገ አብረን ለፖሊስ እንናገራለን፤ እኔም ካጠገብህ አልጠፋም› አለኝ። እና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እንባውን እንዳላይበት። ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር።»

ቆንጅት መሰረትን ለቀቀቻትና ወደ ፊት ተራመደች። ሰዎች ልትመታቸው ነው ብለው ሰጉ። እሷ ግን ፊታቸው ቆማ እንደ ሕፃን በቀጭን ድምፅ ጠየቀች።

«ጋሼ መልኬ፣ እኔ ነበርኩ እኮ በየጠዋቱ መድኃኒቱን የምሰጣት። ‹ዋጪ፣ ይሻልሻል› እያልኩ። ትድን ነበር?»

አቶ መልከጼዴቅ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ፖሊሶቹ ሰውየውን ሲያወጧቸው ዝናቡ ወርዶ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ተነሥቶ ቆመ። ኸይረዲን ካቴናው ከተፈታለት በኋላ ወዲያው አልሄደም፤ አቶ በዛብህ የሞቱበት ቦታ አጠገብ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጸለየላቸው።

በማግስቱ ማለዳ ሙሉእመቤት ጣቢያው ስትደርስ በሩ በሰው ተዘግቷል። ወሬው በሌሊት ከዲላ አልፎ ወደ ገጠር ወርዷል። ከዱመርሶ በሞተር የመጡ አሉ፤ ጭቃውን በእግራቸው ያቋረጡ አሉ። ሁሉም በፌስታል፣ በመሐረብ፣ በጨርቅ የጠቀለሉትን የመድኃኒት ብልቃጥ ይዘው ተሰልፈዋል። ሕፃን ያዘለች ሴት የሽሮፑን ጠርሙስ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ አንድ ሽማግሌ የእሳቸውን በሁለት እጃቸው እንደ እንቁላል ይዘዋል።

መሰረት ከሰልፉ ራስ ላይ፣ ከነጥቁር ልብሷ፣ አንድ የቢሮ ጠረጴዛ ውጭ አስወጥታ ተቀምጣለች። ማንም አልጠራትም። እያንዳንዱን ብልቃጥ ተቀብላ፣ ወረቀቱን በጥፍሯ ፈትሻ፣ ደህናውን ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ የተበላሸውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስቀምጣለች።

ሙሉእመቤት ሌላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቀጣይ» አለች መሰረት።

ሕፃን ያዘለችው ሴት ቀረበች። ጠርሙሱን ወዲያው አልሰጠቻትም።

«ዛሬ ጠዋትም አጠጥቼዋለሁ» አለች።